ሊኑክስ በሚሠራበት ሰርቨር ላይ ሁለተኛ ፕሮሰሰር መጨመር

ሁለት የፕሮሰሰር መቀመጫ ያለው ሰርቨር ገዝተው አንዱን መቀመጫ ባዶ ትተው የሚሠሩ ብዙዎች ናቸው። ማሽኑ ሲገዛ በጀቱ ለአንድ ፕሮሰሰር ብቻ በቅቶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ዕቃው ያገለገለ ከሆነ ሻጩ አንዱን ነቅሎ ለብቻው ሸጦት ይሆናል። ይህ ጽሑፍ ያን ባዶ መቀመጫ እንዴት መሙላት እንደሚቻል፣ ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን ሊኑክስ በተጫነበት ዴል ፓወርኤጅ አር720 ሰርቨር ላይ ያሳያል። ይህን ሞዴል የመረጥኩት እኔ ራሴ ደጋግሜ የፈታሁትና የገጠምኩት በመሆኑ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ የቀረበ ስለሆነ ዛሬ ያገለገለው በቀላሉ ስለሚገኝ ነው። በሌሎች ባለሁለት መቀመጫ ሰርቨሮች ላይም አካሄዱ ያው ነው፤ የሚለያየው የብሎኑና የክዳኑ ዝርዝር ነው።

ስለ አጻጻፍ ሁለት ነገር አስቀድሜ ላሳውቅ። ሶኬት የሚለው ቃል በቤታችን የግድግዳውን የመብራት መሰኪያ ስለሚያመለክት፣ እዚህ ፕሮሰሰሩ የሚያርፍበትን ቦታ መቀመጫ ብዬዋለሁ። የሊኑክስ ትእዛዞችን ደግሞ ስንጠራቸው በሚሰሙበት መልክ ጽፌያቸዋለሁ፤ ተርሚናሉ ላይ ግን በላቲን ትንንሽ ፊደላት፣ አንድ ላይ ተያይዘው ነው የሚጻፉት።

ሊኑክስ ከአንድ በላይ ፕሮሰሰር ማስተናገድ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው የከርነል (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) ቅጽ 2.0 ነው። ከዚያ በኋላም ለዓመታት ባለብዙ ፕሮሰሰር ማሽን የራሱ የተለየ ከርነል ይጫንለት ነበር፤ ያለበለዚያ ባለቤቱ ተቀምጦ ከርነሉን ራሱ ያጠናቅር ነበር። በየቦታው የሚገኙ የቆዩ መመሪያዎች ዛሬም ይህንኑ ያዛሉና አይስሟቸው። አሁን ከኡቡንቱ፣ ከዴቢያን ወይም ከፌዶራ ጋር የሚመጣው ከርነል ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ባዮሱ (በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ማስነሻ ፕሮግራም) የሚያቀርብለትን ሠንጠረዥ አንብቦ ያሉትን ፕሮሰሰሮች በሙሉ ራሱ ያስነሳል። ስለዚህ በሶፍትዌር በኩል የሚቀርዎት ሥራ ጥቂት ነው፤ ጊዜዎንና ጥንቃቄዎን የሚወስደው ከግዢ በፊት ያለው ማጣራትና በእጅ የሚሠራው ክፍል ነው።

በእርግጥ የጎደለው ፕሮሰሰር ነው?

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ማሽኑ በሚጨናነቅበት ሰዓት ቪኤምስታት የሚለውን ትእዛዝ ከቁጥር 5 ጋር ያስኪዱ፤ በየ5 ሰከንዱ አንድ መስመር ያወጣልዎታል። የመጀመሪያው መስመር ማሽኑ ከተነሳ ወዲህ ያለውን አማካይ ስለሚያሳይ ይዝለሉት። በግራ በኩል አር የሚለው ዓምድ የሚሠሩትንና ተራ የሚጠብቁትን ሂደቶች ብዛት ያሳያል፤ ይህ ቁጥር ካሉዎት ትሬዶች (ሊኑክስ እያንዳንዱን እንደ አንድ ሲፒዩ የሚቆጥራቸው የፕሮሰሰሩ የሥራ መስመሮች) በላይ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ከቆየና ሥራ ፈት ጊዜውን የሚያሳየው የአይዲ ዓምድ ዜሮ አጠገብ ከሆነ፣ በእርግጥም ፕሮሰሰር አንሶዎታል። ደብሊውኤ የሚለው ዓምድ ከፍ ካለ ግን ማሽኑ የሚጠብቀው ዲስኩን ነውና ገንዘብዎን ለኤስኤስዲ ያውሉት። ኤስአይ እና ኤስኦ ከዜሮ ካለፉ ደግሞ ያነሰው ሜሞሪ ነው። እኔ ሁለተኛ ፕሮሰሰር ግጠምልኝ ተብዬ ከሄድኩባቸው ቦታዎች በግማሽ ያህሉ ችግሩ ዲስክ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ፕሮሰሰር በእጥፍ ሲጨምር ፍጥነትም በእጥፍ ይጨምራል ብሎ መጠበቅም ስሕተት ነው። የኮምፒውተር ንድፍ ባለሙያው ጂን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 ባቀረበው አስተሳሰብ መሠረት የሚከፋፈለው የሥራው ክፍል ብቻ ነው የሚፈጥነው። አንድ ፕሮግራም ከሥራው 75 በመቶውን ለብዙ ኮር፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ላሉት የስሌት ክፍሎች፣ ማከፋፈል ቢችል፣ በ8 ኮር ከአንድ ኮር 2.9 ጊዜ ያህል ይፈጥናል፤ ኮሩ 16 ሲሆን ግን 3.4 ጊዜ ገደማ ብቻ ነው። ቨርቹዋል ማሽኖችን (በአንድ ማሽን ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠሩ ማሽኖችን) ለሚያስተናግድ፣ ቪዲዮ ለሚቀይር ወይም በርካታ ተጠቃሚዎችን ለየብቻ ለሚያገለግል ሰርቨር ጭማሪው ይታያል፤ በአንድ ትሬድ ብቻ ለሚሠራ የቆየ የሒሳብ ፕሮግራም ግን ምንም አይፈይድም።

ከፍጥነት ውጪ የሆነ አንድ ጥሩ ምክንያት ግን አለ። በዚህ ሰርቨር ላይ 24 የሜሞሪ ማስገቢያዎች ቢኖሩም ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር የተመደቡት 12 ናቸው፤ የሜሞሪው መቆጣጠሪያ ያለው በፕሮሰሰሩ ውስጥ በመሆኑ፣ ሁለተኛው መቀመጫ ባዶ እስከሆነ ድረስ ሌሎቹ 12 ማስገቢያዎች እንደሌሉ ይቆጠራሉ። ከቁጥር 1 እስከ 4 ያሉት የተጨማሪ ካርድ ማስገቢያዎችም ሁለቱ ፕሮሰሰሮች ካልተገጠሙ አይሠሩም። ለሜሞሪው ሲሉ ብቻ ሁለተኛ ፕሮሰሰር የሚጨምሩ ሰዎች አሉ፤ ውሳኔያቸውም ትክክል ነው።

ምን እንደሚገዛ

ሁለተኛው ፕሮሰሰር ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ተቀራራቢ መሆኑ አይበቃም። ያለዎትን ለማወቅ ኤልኤስሲፒዩ የሚለውን ትእዛዝ ያስኪዱና ሞዴል ኔም (የሞዴሉ ስም) እና ስቴፒንግ (የዚያ ሞዴል የእርማት እትም) የሚሉትን መስመሮች ይገልብጡ። በዚህ ጽሑፍ የምጠቀምበት ምሳሌ ኢንቴል ዚዮን ኢ5-2650 ቪ2 ነው፤ 8 ኮር፣ 16 ትሬድ፣ 2.6 ጊጋኸርትዝ፣ የ20 ሜጋባይት ካሽና የ95 ዋት ሙቀት ያለው። በስሙ ውስጥ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 2 ቁጥር ፕሮሰሰሩ ቢበዛ ሁለት ሆኖ እንዲሠራ የተዘጋጀ መሆኑን ያመለክታል። ኢ5-1650 የሚባለው በመልኩ ተመሳሳይ ሆኖ፣ በመቀመጫውም ላይ በትክክል አርፎ፣ ከሌላ ፕሮሰሰር ጋር የሚነጋገርበት መስመር ስለሌለው ብቻውን እንጂ ጥንድ ሆኖ አይሠራም። ኢ5-2650 ያለ ቪ2 ደግሞ የቀደመው ትውልድ ነው፤ ከቪ2 ጋር አብሮ አይገጠምም። ዋጋው ስለሚረክስ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ በሻጩ ወረቀት ሳይሆን በፕሮሰሰሩ የብረት ክዳን ላይ በተቀረጸው ጽሑፍ ይመኑ። ኤስ እና አር በሚሉ ፊደላት የሚጀምረው ባለ 5 ምልክት ኮድ በሁለቱ ላይ አንድ ከሆነ ሞዴሉም ስቴፒንጉም አንድ ነው ማለት ነው።

ፕሮሰሰሩ ብቻውን ግን ምንም አይሠራም። የራሱ ማቀዝቀዣ ብረት፣ ማለትም ሂትሲንክ፣ የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባትና የራሱ ሜሞሪ ያስፈልገዋል። በአንዳንድ ሰርቨሮች ማራገቢያም መጨመር ይኖርበታል፤ ለምሳሌ ኤችፒ ዲኤል380 ጄን9 በአንድ ፕሮሰሰር 4፣ በሁለት ደግሞ 6 ማራገቢያ ይፈልጋል። የእርስዎን ማሽን ክዳን ከፍተው በማራገቢያዎቹ ረድፍ ላይ በፕላስቲክ የተደፈነ ቦታ ካዩ፣ ከግዢው በፊት የሞዴሉን መመሪያ ያንብቡ። ሜሞሪን በተመለከተ፣ አሁን 8 ባለ 8 ጊጋባይት ካርዶች ካሉዎት አዲስ መግዛት ላያስፈልግ ይችላል፤ 4ቱን ወደ ሁለተኛው ፕሮሰሰር ወገን ማዛወር ይበቃል። እያንዳንዱ ፕሮሰሰር 4 የሜሞሪ መስመር ስላለው 4ቱም እንዲሞሉ ማድረግ ፍጥነቱን ይጠብቃል።

በአዲስ አበባና በሌሎች ደጋማ ከተሞች ለሚሠራ ሰው ሙቀት የተለየ ትኩረት ይፈልጋል። ለዚህ ሰርቨር የተፈቀደው የክፍል ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆንም፣ አየሩ ስስ በሆነ ቁጥር የማቀዝቀዝ አቅሙ ስለሚቀንስ፣ ከባሕር ወለል 950 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀነሳል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ጣሪያው ወደ 30 ዲግሪ ይወርዳል ማለት ነው። መስኮት በሌለው ጠባብ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰርቨር ላይ 95 ዋት ሲጨመር፣ ይህ የ5 ዲግሪ ልዩነት ቀላል አይደለም። ዩፒኤስም ካለዎት መብራት ሲጠፋ የሚቆይበት ጊዜ እንደሚያጥር አስቀድመው ያስቡበት።

መግጠም

ከሁሉ በፊት መጠባበቂያ ቅጂ ይያዙ። ከዚያ የኤልኤስሲፒዩን ውጤት ወደ አንድ ፋይል ያስቀምጡ፤ በኋላ ለማነጻጸር ያስፈልግዎታል። ማሽኑን በሥርዓት ያጥፉና የመብራት ገመዶቹን ይንቀሉ። ገመዶቹን ያልኩት በምክንያት ነው፤ ይህ ሰርቨር ከኋላው ሁለት ፓወር ሰፕላይ ሊኖረው ስለሚችል አንዱን ነቅለው ጨረስኩ ካሉ፣ ማሽኑ ጠፍቶ ቢታይም ማዘርቦርዱ ውስጥ ኤሌክትሪክ አለ። ሁለቱንም ከነቀሉ በኋላ የማስነሻውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭነው የቀረውን ያስወጡ።

በበጋ ወራት፣ በተለይ በታኅሣሥና በጥር፣ የደጋው አየር ደረቅ ስለሚሆን ሹራብ ሲያወልቁ ጠቅ የሚለው ብልጭታ ፕሮሰሰርን ሊጎዳ ይችላል። የእጅ ማሰሪያ ካለዎት ይጠቀሙ፤ ከሌለዎት የሰርቨሩን ቀለም ያልተቀባ ብረት ደጋግመው ይንኩ፤ ምንጣፍ ላይ ቆመውም አይሥሩ።

ክዳኑንና የአየር መምሪያውን ፕላስቲክ ሲያነሱ ሁለቱ መቀመጫዎች ጎን ለጎን ይታያሉ። ባዶውን የሸፈነውን ፕላስቲክ ያንሱ። መቀመጫው ሁለት የብረት ማንሻዎች አሉት፤ የመክፈቻ ምልክት ያለበትን አስቀድመው፣ ቀጥሎ ሌላውን ያንሱና የብረቱን ሽፋን ይክፈቱ። ከሥሩ የሚያዩት 2,011 የፀጉር ያህል የቀጠኑ እግሮች ናቸው። እግሮቹ ያሉት በማዘርቦርዱ ላይ እንጂ በፕሮሰሰሩ ላይ ስላልሆነ፣ አንዱ ከታጠፈ የሚበላሸው ውዱ ዕቃ ነው። ስለዚህ እጅዎ፣ ጨርቅዎ፣ ካቻቢቴዎ ምንም ነገር አይንካው፤ አቧራ ቢያዩበት እንኳ በአፍዎ አይንፉበት፣ ምራቅ ይረጫልና።

ፕሮሰሰሩን በጠርዞቹ ብቻ ይያዙት። በአንድ ማዕዘኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ሦስት ማዕዘን ከመቀመጫው ምልክት ጋር፣ በጎኖቹ ያሉትን ጎድጓዳ ቦታዎችም ከመቀመጫው ጥርሶች ጋር ያስተያዩና ቀጥ አድርገው ወደ ታች ያስቀምጡት። መጫን የለም፣ ወዲያ ወዲህ ማንሸራተትም የለም፤ በትክክል ከተገጣጠመ በራሱ ክብደት ያርፋል። ከዚያ ሽፋኑን ዝቅ አድርገው ማንሻዎቹን በተነሱበት ተቃራኒ ቅደም ተከተል ይመልሱ፤ መጨረሻ የተነሳው መጀመሪያ ይዘጋል። ማንሻው ጉልበት መጠየቁና ትንሽ መንቋቋቱ የተለመደ ነው።

ያገለገለ ፕሮሰሰር ከሆነ ከመግጠምዎ በፊት የላይኛውን ክዳን የቆየ ቅባት በአይሶፕሮፒል አልኮልና ክር በማይተው ጨርቅ ይጥረጉ። የታችኛውን ወገንም በብርሃን ይመልከቱት። ይህን የምለው ከደረሰብኝ ነው። አንድ ጊዜ ሁሉን ነገር ገጥሜ ማሽኑን ሳስነሳው ሁለቱም ፕሮሰሰሮች ታዩ፣ ሊኑክስም 32 ትሬድ ቆጠረ፤ ሜሞሪው ግን 64 ጊጋባይት መሆን ሲገባው 56 ሆነ። አንዱ የሜሞሪ ካርድ ሞቷል ብዬ ቦታ ቀየርኩለት፤ ካርዱ በሌላ ቦታ ሠራ፣ በዚያ ማስገቢያ ያስገባሁት ሌላ ካርድ ግን ጠፋ። ግማሽ ቀን ከፈጀሁ በኋላ ፕሮሰሰሩን ነቅዬ ስገለብጠው፣ ከቀድሞ ባለቤቱ የቀረ የምስር ፍሬ የማታህል ግራጫ ቅባት ከሥር ባሉት የወርቅ ነጥቦች ላይ ተለጥፋ አገኘሁ። ከፕሮሰሰሩ ወደዚያ ማስገቢያ የሚሄደውን መስመር የዘጋችው እሷ ነበረች። ከሁለተኛው ፕሮሰሰር በኋላ አንድ የሜሞሪ ካርድ ከጠፋብዎ ካርዱን ከመጠርጠርዎ በፊት መቀመጫውን ይጠርጥሩ።

ከላይ የሚቀባው ቅባት በክዳኑ መካከል የአተር ፍሬ ያህል ቢሆን ይበቃል። ማቀዝቀዣውን ቀጥ አድርገው ያስቀምጡና 4ቱን ብሎኖች በሰያፍ፣ ማለትም አንዱን ማዕዘን ካጠበቁ በኋላ ተቃራኒውን እያደረጉ፣ ሁሉንም ጥቂት ጥቂት እየዞሩ ያጥብቁ። አንዱን እስከ መጨረሻው አጥብቆ ወደሌላው መሄድ ማቀዝቀዣውን ያዘነብለዋል። አስተካክላለሁ ብለው መልሰው መፍታት ካስፈለገዎ፣ የመጀመሪያውን ብሎን ካላሉ በኋላ 30 ሰከንድ ያህል ይጠብቁ፤ ቅባቱ ሳይለቅ በጉልበት ከተነሳ ፕሮሰሰሩን ይዞ ሊወጣ ይችላል።

ሜሞሪውን ሲያስገቡ የመጀመሪያው ፕሮሰሰር ማስገቢያዎች ኤ፣ የሁለተኛው ቢ በሚል ፊደል መሰየማቸውን ያስተውሉ። አስቀድመው የሚሞሉት ነጭ መያዣ ያላቸው ናቸው፤ ስለዚህ ኤ1 እስከ ኤ4 እና ቢ1 እስከ ቢ4 ላይ እኩል፣ አንድ ዓይነት ካርድ ያስገቡ። የአየር መምሪያውን ፕላስቲክ ሳይመልሱ ማሽኑን አያስነሱ፤ ያለእሱ ነፋሱ ማቀዝቀዣዎቹን ትቶ በጎን ያልፋል።

ማስነሳትና ማረጋገጥ

የመጀመሪያው መነሳት ከወትሮው ቢረዝም አይደንግጡ። የሜሞሪው አቀማመጥ ተቀይሯል የሚል መልእክት ሊመጣ ይችላል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ኤፍ2ን ተጭነው ወደ ባዮሱ ይግቡና በፕሮሰሰር ቅንብሮች ገጽ ላይ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ስም መዘርዘራቸውን ይመልከቱ። በሜሞሪ ቅንብሮች ገጽ ላይ ደግሞ ኖድ ኢንተርሊቪንግ የሚለው መዘጋቱን ያረጋግጡ፤ ክፍት ከሆነ የትኛው ሜሞሪ የየትኛው ፕሮሰሰር እንደሆነ ከሊኑክስ ይሰወራል።

ሊኑክስ ከተነሳ በኋላ ዲሜስግ የሚለውን ትእዛዝ ከሱዶ ጋር ያስኪዱና ኤስኤምፒ የሚል ቃል ያለባቸውን መስመሮች ይፈልጉ። ሁሉም ደኅና ከሆነ 2 ኖድ (ኖድ ማለት አንድ ፕሮሰሰር ከራሱ ሜሞሪ ጋር ነው) እና 32 ሲፒዩ፣ ማለትም 32 ትሬድ፣ መነሳታቸውን የሚናገር መስመር ያገኛሉ። በኤልኤስሲፒዩ ውጤት ውስጥም የሶኬት ቁጥር 2፣ የኑማ ኖድ ቁጥርም 2 ሆኖ ይታያል።

ቁጥሩ አሁንም 16 ከሆነ መጀመሪያ መለየት ያለበት ጥፋቱ የብረቱ ነው ወይስ የሶፍትዌሩ የሚለው ነው። ዲኤምአይዲኮድ ከሰረዝ ቲ እና ፕሮሰሰር ከሚለው ቃል ጋር ሲታዘዝ ባዮሱ የሚያውቃቸውን መቀመጫዎች ያሳያል። ሁለተኛው እዚያ ላይ ባዶ ከተባለ ሊኑክስን አይውቀሱ፤ ክዳኑን እንደገና ይክፈቱ። ሁለቱም ሞልተው ከታዩ ግን፣ በፕሮክ ማውጫ ሥር ያለውን ሲኤምዲላይን የተባለ ፋይል ያንብቡ፤ ማክስሲፒዩስ፣ ኤንአር ሰረዝ-ከታች ሲፒዩስ ወይም ኖኤስኤምፒ የሚል ቃል ካለበት፣ ከእርስዎ በፊት የነበረ ሰው ሆን ብሎ ገድቦታል። ገደቡን ሊኑክስን ከሚያስነሳው ከግሩብ ቅንብር ፋይል ላይ ያጥፉ፣ አፕዴት-ግሩብን ያስኪዱ፣ ማሽኑንም እንደገና ያስነሱ። ኤንፕሮክ ብቻውን ያነሰ ቁጥር ቢሰጥዎት፣ እሱ የሚቆጥረው ለዚያ ሂደት የተፈቀዱትን ብቻ ስለሆነ፣ ኦል ከሚለው አማራጭ ጋር ደግመው ይሞክሩት።

አሁን ያስቀመጡትን የድሮ ፋይል ይክፈቱና የኑማ ኖድ መስመሮቹን ከአዲሱ ጋር ያስተያዩ። በፊት የመጀመሪያው ፕሮሰሰር ትሬዶች ከ0 እስከ 15 ነበሩ። አሁን በዚህ ሰርቨር ላይ ሙሉ ቁጥሮቹ፣ 0፣ 2፣ 4 እያሉ፣ የመጀመሪያው፤ ጎደሎዎቹ፣ 1፣ 3፣ 5 እያሉ፣ የሁለተኛው ሆነዋል። ይህን ሳያዩ የሚያልፉ ብዙ ናቸው። በታስክሴት፣ በሲስተምዲ ወይም በቨርቹዋል ማሽን ቅንብር አንድን ፕሮግራም ከ0 እስከ 3 ባሉት ላይ ብቻ እንዲሠራ አድርገው ከነበረ፣ ያ ፕሮግራም አሁን በሁለት ፕሮሰሰሮች ላይ ተበትኗል፤ በሌላው ፕሮሰሰር ወገን ያለውን ሩቅ ሜሞሪም እየጠበቀ ይሠራል። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አስተካክሉልኝ የሚል የስሕተት መልእክት አይመጣም፤ ዝም ብሎ ይዘገያል።

ርቀቱን ለማየት ኑማሲቲኤል የተባለውን ፕሮግራም ጭነው ሃርድዌር ከሚለው አማራጭ ጋር ያስኪዱት። የራስ ሜሞሪ 10፣ የጎረቤቱ 20 ተብሎ በትንሽ ሠንጠረዥ ይታያል። እነዚህ ቁጥሮች ባዮሱ የሚሰጣቸው አንጻራዊ ግምቶች እንጂ የተለካ ጊዜ አይደሉም፤ ከኖዶቹ የአንዱ ሜሞሪ 0 ከሆነ ግን ካርዶቹን በአንድ ወገን ብቻ አስገብተዋል ማለት ነው። ለአብዛኛው ሥራ ከርነሉ ሂደቶችን ከሜሞሪያቸው ጋር ለማቀራረብ የሚያደርገው ጥረት ይበቃል፤ ለከባድ ዳታቤዝና ለትልልቅ ቨርቹዋል ማሽኖች ግን እያንዳንዱን በአንድ ኖድ ውስጥ ማሰር ተገቢ ነው።

ፕሮግራሞችም ቢሆኑ ሁሉም አዲሱን አቅም በራሳቸው አይጠቀሙበትም። የድረ ገጽ ሰርቨር ፕሮግራሙ ኤንጂንኤክስ የሠራተኞቹ (ሥራውን የሚካፈሉት ሂደቶች) ቁጥር አውቶ ከተባለ ዳግም ሲነሳ ራሱ ይቆጥራል። የዳታቤዝ ፕሮግራሙ ፖስትግሬስ ግን ተከፋፍለው ለሚሠሩ መጠይቆች የሚመድበው የሠራተኛ ጣሪያ ሲጫን 8 ስለሆነ፣ እርስዎ ካልቀየሩት 8 ሆኖ ይቀራል።

የመጨረሻው ፈተና ሙቀት ነው። ፕሮሰሰሩን ሆን ብሎ የሚያጨናንቀውን ስትረስ-ኤንጂ የተባለ ፕሮግራም ሲፒዩ ከሚለው አማራጭና ከ0 ቁጥር ጋር ያስኪዱት፤ 0 እዚህ ላይ ያሉትን ሁሉ ማለት ነው። በሌላ ተርሚናል ሴንሰርስ የሚለውን ትእዛዝ እየደጋገሙ የሁለቱን ፕሮሰሰሮች ሙቀት ለግማሽ ሰዓት ይከታተሉ። ከነፋሱ በኋላ የሚገኘው ወይም ከግድግዳ የቀረበው ጥቂት ዲግሪ ቢበልጥ ምንም አይደለም። አዲሱ ከቀድሞው በ15 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሞቀ ግን ቅባቱ አልተዳረሰም ወይም አንዱ ብሎን ላልቷል፤ ማሽኑን አጥፍተው ማቀዝቀዣውን እንደገና ይግጠሙት። የሃርድዌር ስሕተቶችን የሚመዘግበውን ራስዴሞን የተባለ አገልግሎትም ጭነው ይተዉት፤ ከሳምንት በኋላ መዝገቡን ሲያዩ በቢ ማስገቢያዎች ላይ የታረሙ የሜሞሪ ስሕተቶች ከተከማቹ፣ ከፕሮሰሰሩ ሥር ያለውን መቀመጫ በብርሃንና በማጉያ መነጽር ለመመርመር ጊዜው ነው።